ስለ «ዲፓርት» የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ እንግሊዝኛ እንጀራ ነው። ቱሪስት ይዞ ወደ ዘጌ የሚሻገረው አስጎብኚ፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባይዋ፣ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጠው ልጅ «ዲፓርት» (depart፣ መነሳት፣ መሄድ) የሚለውን ግስ ሳይጠሩ አይውሉም። ስለዚህ ቃል ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች ስላሉ እንያቸው።

«ዲፓርት መሄድ ነው እንጂ ከመለያየት ጋር አይገናኝም» የሚለው ዋናው ነው። ቃሉ ሲጀመር መሄድ ማለት አልነበረም። ሥሩ «ፓርስ» የሚባል የላቲን ቃል ነው፤ ክፍል ማለት። ከእሱ የወጣው ግስ በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ዴፓርቲር» ተባለ፤ መክፈል፣ መለየት። ከሰሜን ፈረንሳይ የተነሱት ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ጎረፉ፤ ይህም አብሮ ገባ።

ማስረጃው ጋብቻ ላይ አለ። በ1549 እ.ኤ.አ. በወጣው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ሙሽሮች «ሞት እስኪለየን» ብለው ቃል የሚገቡት በዲፓርት ነበር። ውሎ አድሮ የቃሉ የመለየት ትርጉም ተረሳ። በ1662ቱ እትም «ዱ ፓርት» ተብሎ ተስተካከለ። ፊልም ላይ የምንሰማው «ቲል ዴዝ ዱ አስ ፓርት» የመጣው ከዚያ ነው። እኔ ከቃሉ ታሪክ ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ።

«ዲፓርትመንት ሌላ ቃል ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምን ዲፓርትመንት እንደሚደርሰው የሚጨነቅ ተማሪ የሚያወራው ስለዚሁ ሥር ነው። በአማርኛ «የትምህርት ክፍል» ስንል ትርጉሙን በትክክል ይዘነዋል።

«ሊቭ እና ዲፓርት አንድ ናቸው» የሚለው ሥራ ላይ ያስቸግራል። ሊቭ (leave) የሁሉም ቀን ቃል ነው፤ ዲፓርት ጠንከር ያለ፣ የጉዞ ፕሮግራምና የማስታወቂያ ቃል ነው። ጀልባው ወደ ጎርጎራ በ2 ሰዓት «ዲፓርትስ» ማለት ያምራል። ለጓደኛህ «ልሄድ ነው» ስትል ግን ሊቭ በቂ ነው። ደግሞ ሊቭ ትቶ መሄድንም ይናገራል። ስልክህን ጀልባው ላይ ረስተህ ከወረድክ «ሌፍት» ትላለህ፤ እዚህ ላይ ዲፓርት ጨርሶ አይገባም። መነሻህን ስትጠራ «ዲፓርት ፍሮም»፣ መድረሻህን ስትጠራ «ዲፓርት ፎር» በል። «ዲፓርት ቱ ጎንደር» የሚለውን በብዛት እሰማለሁ፤ «ፎር» ይሻላል።

ዲፓርትን ከ«ዲፖርት» ጋር ማምታታት ደግሞ ያስደነግጣል። ዲፖርት ከአገር ማባረር ነው። ሥሩም ሌላ ነው፤ መሸከም ከሚለው የላቲን ግስ የመጣ፣ የ«ኤክስፖርት» ዘመድ። እንግዳህን ነገ ዲፖርት ትደረጋለህ ብትለው ምን እንደሚሰማው አስብ።

«ዲፓርትድ ከተባለ ሰው ሞቷል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። «ዘ ዲፓርትድ» ሲባል ሟቹን ነው፤ እኛም «በሞት ተለየን» እንላለን። አውሮፕላኑ ዲፓርትድ ከተባለ ግን ተነስቷል ማለት ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አጠቃቀምም አለ፤ ከሥርዓት መውጣት። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡም። አንዲት ቱሪስት ለምን እንደማትገባ ብትጠይቅህ፣ መነኮሳቱ ከጥንቱ ሥርዓት አይወጡም ለማለት «ዴይ ዱ ኖት ዲፓርት ፍሮም ዘ ሩል» ብትላት ንጹሕ እንግሊዝኛ ነው።