የሊንከን አዋጅ ነጻ ያወጣው እነማንን ነው?

«ነጻ ናቸው፤ ከእንግዲህም ነጻ ይሆናሉ።» የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ስለ ባሪያዎች ይህን ያወጀው በአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት መሀል፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ነው። ብዙ ሰው ባርነት በዚያው ቀን ከአሜሪካ የጠፋ ይመስለዋል። አልጠፋም። አዋጁ የሚመለከተው በሊንከን መንግሥት ላይ ያመፁትን የደቡብ ግዛቶች ነበር። ባርነት ያለባቸው ግን ያላመፁት ኬንታኪ፣ ሜሪላንድ፣ ሚዙሪና ዴላዌር አልተነኩም።

ግራ ያጋባል፣ አይደል? ሊንከን የተጠቀመው በጦር አዛዥነት ሥልጣኑ ነው። በዚህ ሥልጣን የጠላትን ጉልበት መንጠቅ ይቻላል፤ በታማኝ ግዛት ያለን ሕግ መሻር ግን አይቻልም። በደቡብም ቢሆን ነጻነቱ በአብዛኛው የሚደርሰው የሊንከን ጦር ሲደርስ ነው። ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ላይ የተነገረው ጁን 19 ቀን 1865 ነበር። አዋጁ ጥቁሮች ወታደር እንዲሆኑም ፈቅዷል፤ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። ባርነትን በመላ አገሪቱ የከለከለው በዲሴምበር 1865 የጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው።