«የሕክምና ፍራሽ» ምንድን ነው?

«የሕክምና ፍራሽ ማለት ጠንካራ ፍራሽ ነው፤ ወገብ ያቃናል።» ሰሞኑንም ይህን አነበብኩ። ምክሩ የተሰጠው ደግሞ ከአልጋ መነሣት ላልቻሉ አረጋውያን ነው። ወዳጄ፣ ለእነሱ ጠንካራ ፍራሽ ቁስል መጥራት ነው።

እኛ የሕክምና ፍራሽ ስንል ግፊት የሚያከፋፍል ማለታችን ነው። የሚያጠፋ አላልኩም። የሰውየው ክብደት የትም አይሄድም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? በጀርባው የተኛ ሰው ደረቅ ፍራሽ ላይ ሎሚውን የሚሸከሙለት ጥቂቶች ናቸው፤ ከመቀመጫ በላይ ያለው አጥንት፣ ተረከዝ፣ የትከሻ አጥንት፣ የጭንቅላት ኋላ። እዚያ ደም ስሩ ተጨፍልቆ ከቆየ ሥጋው ይሞታል። ጥሩ ስፖንጅ ሰውነቱን ሰመጥ አድርጎ ስለሚቀበል ጭኑም ባቱም ከሎሚው ይደርሳቸዋል። የአየር ፍራሹ ደግሞ ተረኛ ይመድባል፤ ቱቦዎቹ እየተፈራረቁ ይነፋሉ፣ ይተነፍሳሉ። መሃሉ ክፍት የሆነው ክብ ትራስስ? ከአንዱ የወሰደውን ሎሚ ዙሪያውን ላሉት ይጭናል። አንመክረውም።

ከዚህም የባሰ የሚያናድደኝ «የአየር ፍራሽ ከተገዛ ማገላበጥ ቀረ» የሚለው ነው። አልቀረም! በየስንት ሰዓቱ የሚለው እንደ ሰውየው ቆዳና አቅም ይለያያል እንጂ መገላበጡ ግድ ነው። ተረከዝንማ ለየትኛውም ፍራሽ አላምንም፤ ባቱ ሥር ትራስ አድርጌ ከፍራሹ አነሣዋለሁ። የአልጋው ራስጌም ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ከዋለ ሰውየው ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቆዳው አንሶላው ላይ ተይዞ ሥጋው ይጎተታል። (ሲበላ ግን ቀና ይበል፤ ትን እንዳይለው።)

የተሃድሶ ታካሚ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ከስትሮክ በኋላ መነሣት የሚለማመድ ሰው በጣም ለስላሳ ፍራሽ ውስጥ ከሰመጠ ራሱን ማገላበጥ ያቅተዋል። ጠርዙ ከሰረገደም ቁጭ ሲል ይንሸራተታል። ስለዚህ «ምርጡ የቱ ነው?» ስባል «ማን ሊተኛበት?» እላለሁ።

የአየር ፍራሽ ካላችሁ ደግሞ ፓምፑን በክብደቱ ልክ አስተካክሉ። ከላዩ አንሶላና ፕላስቲክ አትደራርቡ፤ ፍራሹ ሥራውን እንዳይሠራ ያደርጋል። ከዚያ መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከፍራሹ ሥር፣ በመቀመጫው አጥንት አቅጣጫ አስገቡ። አጥንቱ እጃችሁ ላይ ካረፈ ሰውየው የተኛው አልጋው ላይ ነው፤ ፍራሹ የለም።