«ሸለቆ በሰፊ ሌንስ ነው የሚነሳው» ለምትሉ

ባለፈው ጥቅምት ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ፣ ጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ አንድ ወጣት አብሮኝ ነበር። ስልኩን አወጣ። «0.5» የምትለዋን የሰፊ ሌንስ ቁልፍ ነካ፣ አነሳ። ያነሳውን ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። «ጋሼ፣ በዓይኔ የማየው እኮ ይኼ አይደለም!» አለኝ።

ይቺን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። ሸለቆው ሰፊ ስለሆነ ሰፊ ሌንስ ይፈልጋል የሚል እምነት ከየት እንደመጣ እንጃ። ካሜራ የገዛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ 16 ሚሊሜትር፣ ስለ በጣም ሰፊው ሌንስ ነው።

ሰፊ ሌንስ ብዙ ነገር ያስገባል፤ የሚያስገባው ግን አሳንሶ ነው። እግራችሁ ሥር ያለው ሣር ይገዝፋል፣ ማዶ ያለው ገደል እንደ ክር ይቀጥናል። ጀማ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ላይኛው ጥቁር ባዛልት፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከሥሩ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ አለ፣ ወደ ታች ደግሞ አሸዋ ድንጋይ። ጥልቀቱን ለዓይን የሚነግረው ይኼ ድርብርብ ነው። በ0.5 ስታነሱት መጀመሪያ የሚጠፋውም እሱ ነው።

አንድ ጊዜ ለደንበኛ ግድግዳ የሚሆን ትልቅ ፎቶ አሳተምኩ። በሰፊ ሌንስ ያነሳሁት ነበር። ሰውየው ትክ ብሎ አየውና «ሜዳ ነው?» አለኝ። ተመልሼ ሄድኩ። በ100 ሚሊሜትር፣ ሩቁን በሚያቀርብ ጠባብ ሌንስ፣ አንዱን የገደል ክንፍ ብቻ መረጥኩ። እርከኑ ላይ አንዲት ጎጆ፣ በጠባቧ መንገድ የምትወርድ ጭነት ያላት አህያ። አህያዋ ስላለች ገደሉ ምን ያህል እንደሆነ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። እሱን ፎቶ ተቀበለኝ።

ስልክ ብቻ ያላችሁ 2 ወይም 3 የምትለዋን የማቅረቢያ ቁልፍ ንኩ። ሸለቆውን በሙሉ ለማስገባት አትሞክሩ። መጀመሪያ ዓይናችሁ የት እንዳረፈ አስተውሉ፣ እዚያው ላይ አነጣጥሩ። ሰፊ ሌንስ የሚያምረው ቅርብ የሆነ ነገር ሲኖር ነው። መንዝ ጓሳ ላይ አንድ ሜትር የማይሞላ ርቀት ተጠግታችሁ ጅብራ ስታነሱ፣ ያኔ አውጡት።

«ተራራ ጀምበር ስትጠልቅ ነው የሚያምረው» ይላሉ። ጣርማ በርና አንኮበር ላይ ይኼ አይሠራም። የገደሉ ፊት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ነው የሚያየው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጀርባው ትሆንና ገደሉ ጥላ ውስጥ ይገባል። ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት እዚያ ድረሱ። ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ቁርስ በልተው ደርሰው «ብርሃኑ ደረቅ ነው» የሚሉኝን ሰዎች ምን ልበላቸው?

«ጉም ከመጣ ዕቃህን ሰብስብ።» በጭራሽ። ጉም ተራራውን ከተራራው ይለይላችኋል። ደብረ ሲና ላይ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁት፣ ይከፈታል።

«በጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።» ከየካቲት በኋላ አቧራ ነው፤ ማዶው ይደበዝዛል። ጥርት የሚለው ዝናቡ አየሩን ካጠበው በኋላ ነው፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት።

«ባትሪዬ ተበላሸ።» አልተበላሸም፣ በርዶት ነው። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። መለዋወጫውን ደረት ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ።

የመጨረሻዋ ታስቆጣኛለች። «ጫፉ ላይ ካልቆምክ አይታይም» ይባባላሉ። የባዛልቱ ጠርዝ ብዙ ቦታ ከሥሩ ተቦርቡሮ አየር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ከላይ ሆናችሁ አታዩትም። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጫፉ ላይ ስለተቀመጡ እናንተንም ይችላል ማለት አይደለም። እረኞቹን ጠይቁ፣ የሚናደውን ቦታ ያውቁታል። እኔ ሁልጊዜ 3 ሜትር ወደ ኋላ ነው የምቆመው። በ100 ሚሊሜትር ሳነሳ ደግሞ ያቺ 3 ሜትር ምስሉ ላይ ምንም አትቀንስብኝም።