ታስፖ፦ ባላንጣ ሰፈሮችን አንድ መርከብ ላይ ያሳፈረ የበርሜል ባንድ

ታስፖ በ1951 ከካሪቢያኗ ደሴት ከትሪኒዳድ ወደ ለንደን የተላከ የስቲልፓን ባንድ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሙሉ ስሙ ትሪኒዳድ ኦል ስቲል ፐርከሽን ኦርኬስትራ ይባላል። ዕድሜው ወራት ብቻ ነበር። ግን ዛሬ ስቲልፓን በሚደመጥበት አገር ሁሉ የዚህ ባንድ እጅ አለበት።

ስቲልፓን፣ ባጭሩ ፓን፣ ከነዳጅ በርሜል የሚሠራ የዜማ መሣሪያ ነው። ሲያዩት ከበሮ ይመስላል። ሲሰሙት ግን እንደ ፒያኖ ዜማ ያወጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ወደ 200 ሊትር ከሚይዝ በርሜል ግርጌው በመዶሻ እየተቀጠቀጠ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከዚያ የእያንዳንዱ ድምፅ ቦታ ይሰመርበታል። ሰፊው ቦታ ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ብረቱ በእሳት ይሞቃል። መጨረሻ ላይ ቃኚው በትንሽ መዶሻ ከላይም ከታችም እየነካካ ድምፁን ያስተካክላል። ይሄ ጆሮና ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ያልታሰበበት ምት የጎረቤቱን ድምፅ ሊያበላሽ ይችላል። የሚመታው ጫፉ ላይ ጎማ በተጠቀለለበት አጭር ዱላ ነው።

መሣሪያው የተወለደው በትሪኒዳድ ዋና ከተማ በፖርት ኦፍ ስፔን ውስጥ፣ በድሃ ሰፈሮች ነው። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች በ1880ዎቹ በካርኒቫል ላይ ከበሮ መምታትን ከለከሉ። ከባርነት የወጡት ሰዎችና ልጆቻቸው ግን ዝም አላሉም። የተለያየ ርዝመት ያለው ቀርከሃ መሬት ላይ እየደበደቡ ምቱን ቀጠሉ። ይህም ታምቡ ባምቡ ተባለ። በ1930ዎቹ ደግሞ የብስኩት ጣሳ፣ የቀለም ቆርቆሮና የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ተጨመረ። ቆርቆሮ ሲመታ ይጎደጉዳል፤ የጎደጎደው ቦታ ድምፁ ይለወጣል። ያንን ለውጥ አስተውለው ዜማ ያወጡበት ያገሩ ጎረምሶች ናቸው። የመጀመሪያው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ብዙ ጊዜ የዊንስተን "ስፕሪ" ሳይመን ስም ይነሳል። እኔ ግን የአንድ ሰው ፈጠራ አይመስለኝም፤ የብዙ ሰፈር ጓሮዎች ሥራ ነው።

እነዚህ ጓሮዎች ግን አይዋደዱም ነበር። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ባንድ አለው። ስማቸውን ከሲኒማና ከጦርነት ወሬ ነው የወሰዱት፦ ካዛብላንካ፣ ቶኪዮ፣ ኢንቬደርስ፣ ፍሪ ፍሬንች፣ ሂል 60። ካርኒቫል ላይ መንገድ ሲገናኙ ድንጋይ፣ ጠርሙስና ስለት ይወጣ ነበር። በ1950 ካርኒቫል ኢንቬደርስና ቶኪዮ በመንገድ ላይ ተጋጭተዋል። ፓን የሚመታ ልጅ በብዙዎች ዘንድ ዱርዬ ነበር። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ባንዶቹ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ "የብሪታንያ ፌስቲቫል" የተባለው ትልቅ ዝግጅት ለንደን ውስጥ ሊካሄድ መሆኑ ተሰማ፤ ማኅበሩም ባንድ ለመላክ ተነሳ።

አንድ ባንድ መርጦ መላክ ይቻል ነበር። ያ ቢሆን ግን ሌሎቹ ያኮርፋሉ። ስለዚህ ከየባንዱ ጎበዝ ጎበዙ ተመረጠ። ኤሊ ማኔት ከኢንቬደርስ፣ አንቶኒ ዊሊያምስ ከኖርዝ ስታርስ፣ ስተርሊንግ ቤታንኮርት ከክሮስፋየር መጡ። ስፕሪ ሳይመንም አለበት። በጠቅላላው 11 ነበሩ። አብዛኞቹ መሣሪያውን ራሳቸው ሠርተው ራሳቸው የሚቃኙ ናቸው። የቅኝት ዘዴ የሰፈር ምስጢር በነበረበት ዘመን እነዚህን ሰዎች አንድ ቦታ ማስቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። ከጉዞው ይልቅ ትልቁ ድል ይሄ ይመስለኛል።

መሪያቸው መቶ አለቃ ጆሴፍ ግሪፊዝ ነበር። ባርቤዶስ የተወለደ፣ በፖሊስ ባንድ ሙዚቃ ያደገ ሰው ነው። ቀልድ አያውቅም። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ ፓኖች ጥቂት ድምፅ ብቻ ነበራቸው፤ ቅኝታቸውም ከባንድ ባንድ ይለያይ ነበር። ግሪፊዝ ግማሽ ድምፆችም ሳይቀሩ ሙሉው እንዲኖር አዘዘ። ሁሉም በአንድ ቅኝት እንዲስማማም አደረገ። ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ደግሞ አንድ በርሜል ላይ አልበቃ አለ። ስለዚህ አንድ ተጫዋች ከአንድ በላይ ሙሉ በርሜል ይዞ እንዲመታ ተደረገ። ዛሬ የስቲልፓን ኦርኬስትራ ቤዝ የሚመታ ሰው በርሜሎች ከበውት የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመንገዱ ከሕዝብ ገንዘብ ተሰበሰበ። በጁላይ 1951 በመርከብ ተነሱ። ማርቲኒክ የምትባል ደሴት ሲደርሱ አንዱ ታሞ ወረደ፤ 10 ቀሩ። ጁላይ 26 ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ሳውዝ ባንክ ላይ ቆሙ። በርሜሎቹ ዝገዋል። ተመልካቹ የዛገ ብረት አየና ምን ሊመጣ ነው ብሎ ጠበቀ። ከዚያ ማምቦው፣ የኩባው የዳንስ ሙዚቃ፣ ጀመረ። የትሪኒዳዱ ዘፈን ካሊፕሶውም፣ ቀስ ያለው የአውሮፓ ዜማም ከዚያው ብረት ወጣ። ሰዉ በመገረም አጨበጨበላቸው። በኋላ ፓሪስም ሄደው ተጫወቱ።

ወሬው አገር ቤት ሲደርስ ብዙ ነገር ተለወጠ። ፓንን ሲንቁ የነበሩ ሰዎች ጆሯቸውን ሰጡ። ዊሊያምስ ድምፆቹን እንደ ሸረሪት ድር የደረደረበት ፓን ሠራ፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት አደራደር መነሻው እሱ ነው። የእሱ ባንድ ኖርዝ ስታርስም በ1963 የተጀመረውን ፓኖራማ የተባለ የስቲልፓን ባንዶች ውድድር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አሸነፈ። ማኔት አሜሪካ ሄዶ ሥራውን ቀጠለ፤ በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ቃኚዎችን አሠልጥኖ በ2018 አረፈ። ትሪኒዳድና ቶቤጎ በ1992 ስቲልፓንን ብሔራዊ መሣሪያዋ አደረገች። በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኦገስት 11ን የዓለም ስቲልፓን ቀን ብሎ ሰየመ።

ቤታንኮርት ግን ለንደን ቀረ። ከትሪኒዳዱ የፒያኖ ተጫዋች ከረስል ሄንደርሰን ጋር ባንድ አቋቁሞ በየክለቡ ይጫወት ነበር። በ1966 በለንደኑ ሰፈር በኖቲንግ ሂል ለሰፈሩ ልጆች የመንገድ ላይ ዝግጅት ሲደረግ እነሱም ተጠሩ። አንድ ቦታ ቆመው መጫወት አላስቻላቸውም። ፓናቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መንገድ ወጡ። ሕፃናቱ ተከተሏቸው፤ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ አላፊ አግዳሚው። ዛሬ በየኦገስቱ ከሚሊዮን በላይ ሰው የሚወጣበት የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል የመንገድ ላይ ሰልፉን የጀመረው በዚያ ዙር ነው።