ሰምና ወርቅ፦ ሰሙን ቶሎ አትጣሉት

ሰው በአሽሙር ሲናገር «ነገሩ ሰምና ወርቅ ነው» እንላለን። ሰሙ ላይ ላዩ፣ ወርቁ ውስጡ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ለምን ሰም ተባለ?

አነጋገሩ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የሚሠራውን ጌጥ መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል። ከዚያ በጭቃ ይመርገውና ትንሽ ቀዳዳ ይተውለታል። ጭቃው ደርቆ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። ሰሙ በለቀቀው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል፤ ወርቁም የሰሙን መልክ ይዞ ብቅ ይላል።

እኔን ሁሌም የሚከነክነኝ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሰሙን እንደ ልጣጭ ያየዋል፤ ተልጦ የሚጣል። አንጥረኛው ዘንድ ግን ለወርቁ ቅርጽ የሰጠው ሰሙ ነው። ሰሙ ከተጣመመ ወርቁም ይጣመማል። ቅኔም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ካለው የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ።

እስቲ ይህችን እዩልኝ፤ ለማሳያ ያህል እኔው የገጠምኳት ናት፦

እንጀራም ሰጠሽኝ፣ ውሃም አጠጣሽኝ፤
ልብስ አልሰጠሽኝም፣ ብርዱ ነው የጎዳኝ።

ሰሙ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። እንግዳው በልቷል፣ ጠጥቷል፤ የሚለብሰው አጥቶ ግን በርዶታል። አሁን «ልብስ» የምትለዋን ቃል ያዙ። ኅብረ ቃሏ እሷ ናት፤ ሁለቱንም ትርጉም የተሸከመችው። «ብ»ን አጥብቃችሁ ስታነቧት «ልብ» እና «ስ» ትሆናለች። ሁሉን ሰጠሽኝ፣ ልብሽን ግን ነፈግሽኝ ማለት ነው። ብርዱም ያኔ የፍቅር ማጣት ይሆናል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማይጽፍ፣ ሁለቱ ቃላት ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ለባለቅኔ ከዚህ የበለጠ ምን ሲሳይ አለ!

ሰምና ወርቅ ከተለዋጭ ዘይቤ፣ አንዱን ነገር ሌላ ነው ከሚል አነጋገር፣ የሚለየውም ሰሙ ራሱን የቻለ በመሆኑ ነው። «ልጅቷ ጨረቃ ናት» ሲባል የሰማዩን ጨረቃ የሚያስብ የለም። ሰምና ወርቅ ላይ ግን ሰሙን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰውም ሙሉ ነገር ሰምቷል። አልተዋሸም። ወርቁ ስላመለጠው ብቻ አላዋቂ ማለትም ደግ አይደለም፤ ኅብሯን የሚጠቁመው ካገኘ እሱም ይደርስበታል።

ስለዚህ ቅኔ ሲያጋጥማችሁ ወርቁን ለመያዝ አትጣደፉ። መጀመሪያ ሰሙን በደንብ ስሙት። ቀጥሎ ቃሎቹን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ አንዴ አላልታችሁ፣ አንዴ አጥብቃችሁ።