ከሰኞ እስከ ዓርብ በኢንተርናሽናል ክፍል ውስጥ

ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ መሐል አዲስ አበባ ያሉ የኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች በር በሰርቪስ ይጨናነቃል። ከአንድ ሚኒባስ የሚወርዱት ልጆች ቤታቸው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አረብኛ ወይም ስዋሂሊ ይናገሩ ይሆናል። በሩን ካለፉ በኋላ ግን በአብዛኛው መግባቢያቸው እንግሊዝኛ ነው።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች እዚህ የበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 መቀመጫውን አዲስ አበባ አደረገ። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ ተመሠረተ። ዲፕሎማት ደግሞ የሚመጣው ከነልጆቹ ነው። ልጁ ወላጁ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ትምህርቱን ካቆመበት መቀጠል አለበት። ከዚያ ቀደም ብሎም ቸርችል ጎዳና ላይ ሊሴ ገብረማርያም በ1947 ተከፍቷል። እዚያ ቋንቋውም ሥርዓቱም የፈረንሳይ ነው፤ አንደኛ ክፍል «ሴፔ» ይባላል። ዛሬ በእነዚህ ክፍሎች የነጋዴው፣ የሐኪሙና ከውጭ የተመለሰው ዲያስፖራ ልጅም አለ።

ሥርዓተ ትምህርቱ እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል። የእንግሊዙን የካምብሪጅ ሥርዓት የሚከተል አለ። ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የተባለውን ዓለም አቀፍ ድርጅት የአንደኛ ደረጃ ፕሮግራም፣ ፒዋይፒን፣ የሚከተልም አለ። ፒዋይፒ ከ3 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ትምህርቱ በ6 ትልልቅ ርእሶች ዙሪያ ይሄዳል። አንዱ «ምድርን መጋራት» ነው፤ እሱን ይዘን ሳምንቱን እንይ።

ሰኞ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። መምህርቷ ማብራሪያ ሳይሆን ጥያቄ ይዛ ትመጣለች። «ቤታችሁ ውኃ ከየት ይመጣል?» ትላለች እንበል። አንዱ «ከቧንቧ» ይላል። ሌላዋ «ከሮቶ» ትላለች። ሦስተኛው ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን እንደሆነ፣ እናቱም ሌሊት ተነሥታ ጀሪካን እንደምትሞላ ይናገራል። የአዲስ አበባ ልጅ ፈረቃን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ለገዳዲና ገፈርሳ የሚባሉ ግድቦች መኖራቸውን ግን ምናልባት መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙው ነገር ከዚህች ጥያቄ ይቀዳል። በሒሳብ ሰዓት በየቤቱ ውኃ የመጣባቸው ቀኖች ተቆጥረው ግራፍ ይሆናሉ። ንባቡም ጽሑፉም ስለ ውኃ ነው። ወላጅ ፈርሞ ከፈቀደ፣ ቀበና ወንዝ ዳር ሄደው የውኃውን ቀለምና ሽታ ይመዘግባሉ። ሽታውን ማንም አይረሳውም! «ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ልጆች ሲጫወቱ ነው የሚውሉት» የሚባለው ግን ወሬ ነው። ማባዛትም ስፔሊንግም የራሳቸው ሰዓት አላቸው።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ የሰዓት ትምህርት ነው። የክፍሉ ግድግዳ 8 ሲል ቤት 2 ሰዓት ነው። ክፍል ውስጥ 12 የሆነው የዓመቱ ወር ብዛት አያት ቤት 13 ይሆናል። ዓመቱም በ7 ወይም በ8 ይጎድላል። የ7 ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ይዞ ይዞራል። ቢጠይቁት «6 መቀነስ ነው፣ በቃ» ብሎ ይሮጣል።

ረቡዕና ዓርብ ምሳ ዕቃው ይለያያል። የጾመኛ ቤት ልጅ ሽሮውን ወይም ፓስታውን ይከፍታል፤ ጓደኛው ሥጋ አለው። ቅያሬው ክልክል ነው ቢባልም ይደረጋል።

አማርኛ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ነው የሚያገኘው። በአንዳንዶቹ ፕሮግራም ላይ «የአስተናጋጅ አገር ቋንቋ» ተብሎ ይጻፋል። አስተናጋጁ በገዛ ቤቱ ወንበር የተለመነለት ይመስላል። ጀማሪዎቹ «ስንት ነው?» እና «ይቀንሳል?» ማለትን ይለማመዳሉ። አፋቸውን በአማርኛ የፈቱት 33ቱን ፊደል በ7 ቤት፣ 231 አድርገው ይቆጥራሉ። ጭንቁ መሐል ላይ ያለው ልጅ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። «ቁጭ በል» ሲባል ይቀመጣል፤ ጻፈው ሲባል «ኩጭ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ልጅ ከጀማሪው ጋር ይሰለቻል፣ ከሌላኛው ጋር ይሸማቀቃል። በእኔ እምነት ለእሱ ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ምድብ ያስፈልገዋል። ወላጆቹ ግን እንግሊዝኛው ስለሚያስደስታቸው አይጠይቁም። የሚደነግጡት ክረምት ላይ፣ ልጁ ከአያቱ ጋር በእጅ ምልክት ሲያወራ ሲያዩ ነው።

ዓርብ የሳምንቱ ሥራ ተለይቶ ፖርትፎሊዮ በሚባለው የልጁ ሥራዎች ማኅደር ውስጥ ይገባል። ልጁ የትኛው ሥራው እንደሚሻል ራሱ መርጦ ለምን እንደሆነ ይናገራል። ደረጃ የሚባል ነገር በአብዛኛው የለም። ሪፖርቱ ልጁ ምን እንደቻለና ምን እንደሚቀረው በቃላት ይዘረዝራል።

ቅዳሜ አያት ቤት ግን ጥያቄው ያው ነው።

«የኔ ልጅ፣ ስንተኛ ወጣሽ?»

«እማማ፣ እኛ ጋ ደረጃ የለም።»

እማማ ትንሽ ዝም ይላሉ።

«እሺ፤ አንደኛ የወጣው ማነው ታዲያ?»