የአክሲዮን ገበያ የበዓል ዝግ ቀናት፦ ከካራ ሆኖ ሲታይ

ከኮተቤ ከፍ ብሎ፣ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ መውጫ፣ ካራ የከብት ገበያ አለ። እዚያ የበዓል ዋዜማ ማለት ገበያው የሚደራበት ቀን ነው። መንገዱ በሠንጋና በበግ ይሞላል። ደላላው ይሯሯጣል። ጠዋት የተጠራው ዋጋ ከሰዓት ላይገኝ ይችላል። የአክሲዮን ገበያ ጠባይ ግን ሌላ ነው። በዋዜማው ቀዝቀዝ ይላል፣ በበዓሉ ቀን ጭራሽ ይዘጋል። ዛሬ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የባንክ አክሲዮን የገዛ ጎረቤት አይጠፋምና ልዩነቱን ማወቁ ይጠቅማል።

ገበያው የሚዘጋው ሠራተኛው እንዲያርፍ ብቻ አይደለም። አክሲዮን ሲሸጥ ሁለት ነገር ይንቀሳቀሳል። የባለቤትነት ምዝገባው ከሻጭ ወደ ገዢ ይዞራል። ገንዘቡ ደግሞ ከገዢው ባንክ ወደ ሻጩ ባንክ ይሄዳል። ባንክ ዝግ ከሆነ ይህ ሁለተኛው አይሆንም። በካራ ብር ቆጥሮ፣ በሬውን ገመዱን ይዞ መሄድ ይቻላል። በአክሲዮን እንዲህ የለም።

የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ በዓመት 10 የበዓል ቀናት አሉት። የመጨረሻው የተጨመረው የባርነት ማብቂያ መታሰቢያ ሲሆን፣ ገበያው ለዚህ በዓል መዝጋት የጀመረው በ2022 ነው (የውጭ ገበያዎችን ዓመት የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ከምስጋና ቀን ማግስት ያለው ዓርብ ደግሞ ግማሽ ቀን ነው፤ ገበያው ከወትሮው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል። ቻይና በጨረቃ አዲስ ዓመቷ አንድ ሳምንት ገደማ ትዘጋለች። የሳዑዲ ገበያ ለሁለቱ ዒዶች ያርፋል። በዓላቱ ስለማይገጣጠሙ አንዱ ሲዘጋ ሌላው እየሠራ ነው። እኛ ገናን ታኅሣሥ 29 ስናከብር ኒውዮርክ፣ ቀኑ ቅዳሜ ወይም እሑድ ካልሆነ፣ ሥራ ላይ ነው።

ያልታሰበ መዘጋትም አለ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1994፣ እንቁጣጣሽ ላይ ሳለን፣ አሜሪካ ላይ የሽብር ጥቃት ደረሰ። የኒውዮርክ ገበያ ያን ቀን አልተከፈተም። እስከ ቀጣዩ ሰኞም ዝግ ሆኖ ቆየ። ሲከፈት ዳው ጆንስ የተባለው የዋጋ መለኪያ በአንድ ቀን 684 ነጥብ፣ ማለትም ከ7 በመቶ በላይ ወረደ። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ከአራት ወር በላይ ተዘግቶ ነበር።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ገበያ ይዘጋል እንጂ ወሬ አይዘጋም። ጦርነት፣ የወለድ ለውጥ፣ የአንድ ድርጅት ኪሳራ በበዓል ቀንም ይሰማል። ባለአክሲዮኑ ግን ይሰማል እንጂ መሸጥ አይችልም። የተጠራቀመው ሁሉ ገበያው ሲከፈት በአንድ ጊዜ ይወጣል። ዋጋው ደረጃ በደረጃ አይወርድም ወይም አይወጣም፤ ከዘጋበት ቦታ ዘሎ ሌላ ቦታ ይከፈታል። «እዚህ ዋጋ ላይ ከደረሰ ሽጡልኝ» ብሎ ለአገናኙ፣ ማለትም ለአክሲዮን ደላላው፣ ያዘዘ ሰው፣ ካሰበው በታች ሊሸጥለት ይችላል።

ዋዜማውም የራሱ ጠባይ አለው። ትልልቆቹ ገዢዎችና ሻጮች ቀድመው ስለሚወጡ ገበያው ይሳሳል። በሳሳ ገበያ ሻጭ በሚጠራውና ገዢ በሚሰጠው መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። አንድ ትልቅ ትእዛዝ ብቻውን ዋጋውን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ሮበርት ኤሪየል የተባሉ ተመራማሪ በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ገበያ በዋዜማ ቀን የሚገኘው አማካይ ትርፍ ከሌሎች ቀናት ከ9 እስከ 14 እጥፍ ሆኖ አግኝተውታል። ያ የድሮ መረጃ ነው። እኔ በዚህ ተማምኖ ገንዘቡን የሚያስገባን ሰው አላበረታታም።

የእኛው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017፣ ገና በተከበረ በሦስተኛው ቀን ነው። መሠረቱ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። የሚገርመው፣ በዋዜማው ኒውዮርክ ለቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የሐዘን ቀን ብሎ ዘግቶ ነበር።

በእኛ አገር የዝግ ቀናት አቆጣጠር ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዒድ አል ፈጥር በጨረቃ ስለሚወሰን፣ ነገ በዓል ይሁን አይሁን ማታ ላይ ነው የሚታወቀው። ፋሲካ ሁልጊዜ እሑድ ስለሚውል ደግሞ የሥራ ቀን የሚቀንሰው ስቅለት ነው። አሜሪካ ከግንቦት 2024 ጀምሮ ገንዘቡና አክሲዮኑ ተለዋውጠው ሒሳብ የሚዘጋው ከሽያጩ በኋላ ባለው አንድ የሥራ ቀን ነው፤ ሕንድ ደግሞ ከዚያ ቀድማ ጀምራዋለች። በዚህ ፈጣን ደንብ እንኳ እንቁጠር። ለፋሲካ ቅርጫ መዋጮ ብሎ ረቡዕ የሸጠ ሰው ሐሙስ ገንዘቡን ያገኛል፤ ዓርብ ካራ ወጥቶ ሠንጋ ያማርጣል። ሐሙስ የሸጠው ግን ዓርብ ስቅለት፣ ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ይይዙታል። ብሩ ሰኞ ሲገባለት ሠንጋው ታርዶ፣ መደቡ ተከፋፍሎ፣ የሰፈሩ ሰው ድስቱን አጥቦ ጨርሷል።